አሮጌ ላፕቶፕን የቤት ቪዲዮ ሰርቨር ማድረግ ፦ አንዴ አውርዶ መላው ቤተሰብ ያለ ዳታ እንዲያይ



አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሰው አለ እንበል። አምስቱም አንድ ፊልም በየስልካቸው፣ በየራሳቸው ሰዓት ከኢንተርኔት ላይ ያያሉ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው፣ ጥራቱ 1080 ፒ። በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢወስድ አንድ ሰው ብቻ 4.5 ጊጋባይት ይጨርሳል። አምስቱ ሲደመር 22.5 ጊጋባይት። ለአንድ ፊልም !

ያው ፊልም አንዴ ወርዶ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ግን ወጪው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ሰው ይየው ሃምሳ ጊዜ ይታይ፣ ዳታ አይነካም።

ዛሬ የምናወራው ይህን ስለሚሠራው ነገር ነው፦ የቤት ሚዲያ ሰርቨር። እኛ በአንድ ባልደረባችን ቤት በአሮጌ ላፕቶፕ ገጥመን ሞክረነዋል። የሠራልንን ብቻ ሳይሆን ያበላሸነውንም እንነግራችኋለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ስትገጥሙ እያያችሁ ሥሩ።

የጀመርነው ግን ለፊልም ብለን አይደለም። የባልደረባችን ታላቅ እህት ያገባችው በ2000 ዓ/ም ነው። በሠርጉ ቀን አባታቸው ቆመው ሲመርቁ ተቀርጸዋል። አባትየው አሁን በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው ያለውም እዚያ ዲቪዲ ላይ ብቻ ነው። ዲቪዲው ተጫጭሯል፣ ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ማጫወቻውም ከተበላሸ ቆይቷል። እናታቸው በየበዓሉ "እስቲ ያን ነገር አሳዩኝ" ይላሉ፤ ማንም የሚያሳያቸው አልነበረም።

እንዲህ አይነት ዲቪዲ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ፊልሙንም የቤታችሁንም ቪዲዮ አስቡ።

፩. "ሰርቨር" ሲባል ምን ማለት ነው ?

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ቪዲዮዎቹን የያዘ፣ ሁሌ የበራ አንድ ኮምፒውተር አለ። እሱ ላይ አንድ ሶፍትዌር ይጫናል። ሶፍትዌሩ ፋይሎቹን በፖስተር፣ በርዕስ፣ በዓመተ ምሕረት ደርድሮ ያሳያል። ስልክ፣ ታብሌት ወይም ቲቪ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ገብቶ "ይህን አጫውትልኝ" ሲለው ይልክለታል። በቃ፣ ይኼው ነው።

እናታችሁ ሳሎን በቲቪ፣ እናንተ መኝታ ቤት በስልክ፣ ትንሹ ወንድማችሁ በታብሌት የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ትችላላችሁ። ያቆማችሁበትን ቦታም ያስታውሳል። ስልክ ላይ ጀምራችሁ ቲቪ ላይ ትጨርሳላችሁ።

፪. ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከዚያ መንገድ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ነው። በሩ ቢዘጋም የውስጡ መንገድ ይሠራል።

ስለዚህ ፓኬጅ ቢያልቅ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቪዲዮ ማየት ትችላላችሁ። ራውተር ባይኖራችሁ እንኳ በአብዛኛው ስልክ ላይ ሆትስፖት አብርታችሁ፣ ሞባይል ዳታውን አጥፍታችሁ፣ ላፕቶፑንና ሌሎቹን ስልኮች በዚያ ማገናኘት ይቻላል።

፫. ምን ምን ያስፈልጋል ?

• ኮምፒውተር ፦ የተጣለ ላፕቶፕ ይበቃል። ስክሪኑ ቢሰበር ወይም ኪቦርዱ ቢበላሽ ችግር የለውም፣ ለመግጠሚያው ብቻ ሌላ ስክሪን ወይም የዩኤስቢ ኪቦርድ ተዋሱ። 4 ጊጋ ራም ይዞም ይሠራል፤ 8 ቢሆን ይመረጣል። እኛ የተጠቀምነው ኮር አይ 3፣ 8 ጊጋ ራም ያለውን ነው።

• ማስቀመጫ ፦ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከላይ በጠቀስነው መጠን ከ200 በላይ ፊልም ይይዛል። ኤክስተርናል ከገዛችሁ ትንሿን፣ 2.5 ኢንች የምትባለውን ምረጡ። ምክንያቱን መብራት ጋ ስንደርስ እንነግራችኋለን። ዲስኩ "ፋት 32" በሚባለው ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ "ኤንቲኤፍኤስ" ቀይሩት። ፎርማት ማድረግ ግን ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጡ።

• ራውተር ፦ ያላችሁ ይበቃል። ላፕቶፑ ራውተሩ አጠገብ ከሆነ በገመድ አገናኙት። ቪዲዮው ሁለት ጊዜ በአየር ከሚጓዝ አንድ ጊዜ ቢጓዝ ብዙ ይሻላል።

• የመብራት ወጪስ ? ሥራ የፈታ ላፕቶፕ በአማካይ 15 ዋት ይወስዳል ብንል፣ ቀንና ሌሊት በርቶ በወር ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንድ ምጣድ ከሚወስደው ጋር አይወዳደርም።

፬. የትኛውን ሶፍትዌር እንጫን ?

በብዛት የሚታወቁት ሦስት ናቸው ፦ ፕሌክስ፣ ኤምቢ እና ጄሊፊን።

ፕሌክስ የቆየና ለአጠቃቀም የሚያምር ነው። ግን በኢንተርኔት አካውንት መክፈት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ ከሚያዝያ 2025 መጨረሻ ጀምሮም የራሳችሁን ቪዲዮ ከቤት ውጭ ሆናችሁ ለማየት ክፍያ ይጠይቃል። በዚያው ጊዜ የዕድሜ ልክ አባልነቱ ከ119.99 ዶላር ወደ 249.99 ዶላር ከፍ ብሏል።

ኤምቢ ከመሠረታዊው አገልግሎት ውጭ ያሉ ብዙ ነገሮቹን በክፍያ ነው የሚሰጠው። ኮዱንም እ.ኤ.አ በ2018 መጨረሻ ለሕዝብ መክፈቱን አቆመ። በዚያን ጊዜ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች የቀደመውን ክፍት ኮድ ወስደው ጄሊፊንን ጀመሩ።

ጄሊፊን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም፣ የምትከፍቱት አካውንትም እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ የሚቀር ነው። ለሀገራችን ሁኔታ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው ፦ ዶላር ካርድ የለኝም ብላችሁ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። እኛም የመረጥነው እሱን ነው፣ ቀጥሎ ያለውም በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

፭. አገጣጠሙ ደረጃ በደረጃ

(ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው ብለን ነው)

1ኛ. ከጄሊፊን ዋና ድረ ገጽ (ጄሊፊን ዶት ኦርግ) ላይ የዊንዶውስ ሰርቨሩን አውርዱ። ከሌላ ቦታ፣ ከማታውቁት የቴሌግራም ቻናል አትውሰዱ።

2ኛ. ጫኑት። "ቤዚክ" እና "አድቫንስድ" ብሎ ሲጠይቃችሁ ቤዚክ የሚለውን ምረጡ።

3ኛ. ብሮውዘር ክፈቱና አድራሻው ላይ "ሎካልሆስት"፣ ሁለት ነጥብ፣ 8096 ብላችሁ ጻፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)። ቁጥሩ ጄሊፊን የሚቀመጥበት በር ነው፣ አትርሱት።

4ኛ. ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል። ይህ የአስተዳዳሪው አካውንት ነው። ፓስዎርዱን ባዶ አትተዉት።

5ኛ. ላይብረሪ ጨምሩ። ለፊልም አንድ፣ ለተከታታይ ድራማ አንድ፣ ለቤተሰብ ቪዲዮ አንድ ለየብቻ ክፈቱ። የቤተሰቡን ሲሆን አይነቱን "ሆም ቪዲዮስ ኤንድ ፎቶስ" የሚለውን ምረጡ። አለበለዚያ ጄሊፊን የእህታችሁን ሠርግ ፊልም መስሎት ኢንተርኔት ላይ ፖስተር ሲፈልግ ይውላል።

6ኛ. ዊንዶውስ ፋየርዎል "ይፈቀድ ወይ ?" ብሎ ከጠየቀ "ፕራይቬት" የሚለው ላይ ብቻ ፍቀዱ። የቤታችሁ ዋይፋይም ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬት" ተብሎ መመዝገቡን እዩ። ስልክ ላይ አልከፍት የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

7ኛ. ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉት። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ስሊፕ" የሚለውን "ኔቨር"፣ ክዳኑ ሲዘጋ የሚለውን ደግሞ "ዱ ናቲንግ" አድርጉት። እኛ ይህን ረስተን ፊልሙ በየግማሽ ሰዓቱ እየተቋረጠ አንድ ምሽት ሙሉ ራውተሩን ስንወቅስ አመሸን።

8ኛ. ለላፕቶፑ የማይቀየር አድራሻ ስጡት። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው አይፒ አድራሻ አንዳንዴ ይቀየራል፤ ዛሬ የሠራው ነገ አይከፍትም። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ "አድሬስ ሪዘርቬሽን" ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ቦታ አለ። እዚያ ላይ ለምሳሌ 192.168.1.50 ን ለላፕቶፑ ያዙለት። የእናንተ ራውተር የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሊለዩ ይችላሉ።

9ኛ. ስልክ ላይ የጄሊፊንን አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርዱ። የሰርቨር አድራሻ ሲጠይቅ 192.168.1.50:8096 ብላችሁ አስገቡ። አይፎን ላይም አፕ አለው። አፕ መጫን ያልፈለገ በስልኩ ብሮውዘር ያንኑ አድራሻ ጽፎ ማየት ይችላል።

10ኛ. ቲቪያችሁ አንድሮይድ ቲቪ ከሆነ አፑ አለ። ስማርት ያልሆነ ቲቪ ካላችሁ ደግሞ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክታችሁ መጠቀም ነው።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን ዩዘር ክፈቱለት። ለልጆች የልጆቹ ላይብረሪ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። እናንተ ማታ የምታዩት ፊልም ጠዋት ሕፃኑ ታብሌት ላይ ብቅ እንዳይል !

፮. የፋይል ስም ላይ አትስነፉ

ጄሊፊን ፊልሙን የሚያውቀው በስሙ ነው። የአንድ ፊልም ፎልደር ስም፣ ርዕሱ እና በቅንፍ የወጣበት ዓመት መሆን አለበት። ውስጡ ያለው ፋይልም እንደዚያው። ተከታታይ ከሆነ የድራማው ስም ያለው ፎልደር፣ በውስጡ "ሲዝን 01" የሚል ፎልደር፣ ከዚያ የየክፍሉ ፋይል። የክፍሉ ቁጥር በእንግሊዝኛዎቹ ኤስ እና ኢ ፊደላት ይጻፋል ፦ ኤስ 01 ኢ 01፣ ኤስ 01 ኢ 02 እያለ፣ ግን መሃሉ ላይ ክፍተት ሳይኖር።

የአማርኛ ፊልሞችስ ? ብዙዎቹን በራሱ አያገኛቸውም፤ መረጃ የሚወስድባቸው ድረ ገጾች ላይ ስላልተመዘገቡ። ይህ ሲሆን ፊልሙ ላይ ገብታችሁ "ኤዲት ሜታዳታ" የሚለውን ነክታችሁ ርዕሱን በአማርኛ፣ የተዋንያኑን ስም፣ ፖስተሩን ራሳችሁ አስገቡ። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንዴ ነው።

፯. ቪዲዮው እየቆመ ካስቸገራችሁ

መጀመሪያ የምትጠረጥሩት "ትራንስኮዲንግ"ን ነው። ስልኩ ወይም ቲቪው የቪዲዮውን አይነት ማንበብ ካልቻለ ሰርቨሩ እዚያው እያጫወተ ወደ ሌላ አይነት ይቀይርለታል። ይህ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከባድ ሥራ ነው። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ላፕቶፑ ይሞቃል፣ ቪዲዮው ይንቀራፈፋል።

መፍትሔው፦

• በተቻለ መጠን "ኤች 264" በሚባለው አይነት የተዘጋጀ ኤምፒ 4 ፋይል ይኑራችሁ። ሁሉም ስልክና ቲቪ ማለት ይቻላል ያነበዋል። "ኤች 265" ቦታ ይቆጥባል፣ ግን የቆዩ ዕቃዎች አያነቡትም።

• ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከጄሊፊን ዳሽቦርድ "ፕሌይባክ" ውስጥ ገብታችሁ "ክዊክ ሲንክ" የሚለውን ክፈቱ። ቅየራውን ለፕሮሰሰሩ የግራፊክስ ክፍል ይሰጠዋል። ጄሊፊን ለዚህ አያስከፍልም። ኤች 265ን በዚህ መንገድ ለማንበብ ግን ፕሮሰሰሩ 6ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

• ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ቲቪውንና ስልኩን በእሱ አገናኙ። ግድግዳ ከበዛ ግን 2.4 የሚባለው ርቀት ላይ ይሻላል።

የአማርኛ ሰብታይትል አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከታየ ችግሩ ፋይሉ የተቀመጠበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ኖትፓድ ላይ ክፈቱትና "ሴቭ አዝ" ብላችሁ "ዩቲኤፍ 8" በሚለው አስቀምጡት። ስሙን ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርጉ፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ አድርጋችሁ የአማርኛ መለያ የሆኑትን ኤ እና ኤም የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከዚያ ነጥብና ኤስአርቲ ጨምሩ። ጄሊፊን ራሱ አማርኛ መሆኑን ያውቀዋል።

፰. ቪዲዮው ከየት ይመጣል ? ሕጉስ ምን ይላል ?

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ሰርቨሩ ሕጋዊ ነው። ጥያቄው ውስጡ የምታስገቡት ነገር ላይ ነው።

ያለ ስጋት የምታስገቡት ብዙ ነገር አለ። የራሳችሁ ቀረጻ አለ። ባለቤቱ በነፃ የፈቀደው ደግሞ አለ። ለምሳሌ የብሌንደር ፋውንዴሽን አጫጭር አኒሜሽኖች፣ "ቢግ በክ በኒ" እና "ሲንቴል"ን የመሳሰሉት፣ ማንም አውርዶ እንዲያያቸው የተፈቀዱ ናቸው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ "ኦፕን ኮርስዌር" በሚለው ፕሮግራሙ ሙሉ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኮምፒውተር ትምህርት ቪዲዮ ያለ ክፍያ ያቀርባል፣ ማውረድም ይቻላል። "ኢንተርኔት አርካይቭ" ላይ የቆዩና የቅጂ መብታቸው ያበቃ ፊልሞች ይገኛሉ።

ለተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነፃ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አንዴ አውርዶ ቤት ማምጣት፣ ከዚያ ታናናሾችም ጭምር ዓመቱን ሙሉ ይማሩበታል።

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ የቀረበን ሥራ አንድ ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው ብቻ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን ይፈቅዳል። ነገር ግን "ለግል" የሚለው ቃል ላይ ይሰመርበት። ሰርቨሩን ለሰፈር ከፍቶ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ካፌ ውስጥ ለደንበኛ ማሳየት፣ ከዚያ ላይ በፍላሽ እየገለበጡ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የሀገራችን ፊልም ሠሪ ሠርቶ የሚበላው ከሥራው ሽያጭ ነው።

ዩቲዩብን በተመለከተ፣ የአገልግሎት ውሉ ባለቤቱ ወይም ዩቲዩብ ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር ማውረድን ይከለክላል። ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ደግሞ ቪዲዮውን ስለሚቆልፉት ወደ ሰርቨር አይገባም። "ሺህ ቻናል በትንሽ ብር" ከሚሉ አፖችም ራቁ፤ ብዙዎቹ መብት የሌላቸው ናቸው፣ ስልካችሁ ላይ ምን እንደሚጭኑም አታውቁም።

፱. የድሮ ሲዲና ዲቪዲ

ወደ ሠርጉ እንመለስ። በቤት የተቃጠለ ዲቪዲ ዘላለም አይቆይም። ጭረት፣ ሙቀትና ፀሐይ ያበላሸዋል። ስለዚህ ፊልም ከማውረዳችሁ በፊት ይህን አስቀድሙ።

• ዲቪዲ ማንበቢያ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ተዋሱ ወይም ግዙ።

• ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት። ዙሪያውን እያዞራችሁ አትጥረጉ።

• መጀመሪያ ውስጡ ያለውን በሙሉ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጉ። አንድ ዲቪዲ በአብዛኛው እስከ 4.7 ጊጋባይት ነው።

• ከዚያ "ሃንድብሬክ" የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ያንን ፎልደር ስጡትና ወደ ኤምፒ 4 ቀይሩት። የሠርግ ዲቪዲ ቁልፍ ስለሌለው አያስቸግርም። ዋናውን ኮፒ ግን አትደምስሱት፤ ሲቀየር ጥራት ትንሽ ይቀንሳል።

• ማንበቢያው ካልቻለ በሌላ ማንበቢያ ሞክሩ። አንዱ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለ።

የእኛ በሁለት ማንበቢያ አልሆነም። በመጨረሻ ባልደረባችን ዘመድ አዝማድ ጋ እየደወለ "የሠርጉ ዲቪዲ ደርሷችሁ ነበር ወይ ?" ሲል አክስቱ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነካርቶኑ ያልተነካ አንድ ኮፒ ተገኘ። እናንተም ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉ። ሠርግ ሲሆን ዲቪዲው ለብዙ ሰው ነው የሚታደለው።

፲. መብራት ሲጠፋ

ላፕቶፕን የመረጥነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባትሪው ስላለ መብራት ሲጠፋ ድንገት አይዘጋም። ግን ሁለት ነገር ይረሳል።

አንደኛ፣ ራውተሩ ባትሪ የለውም። ለራውተር የተሠሩ ትንንሽ ባትሪዎች ገበያ ላይ አሉ፤ ስትገዙ ቮልቱ ከራውተራችሁ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ኤክስተርናል ዲስክ የራሱ አዳፕተር ነው ያለው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ይቆያል፣ ዲስኩ ግን በሥራ ላይ እያለ ይዘጋል። በእኛም ላይ የደረሰው ይህ ነው። የሠርጉን ቪዲዮ ስንገለብጥ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ዲስኩ አልከፍት አለ፣ ፎርማት ይደረግ ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን ያዳነን ዲቪዲው አሁንም እጃችን ላይ መሆኑ ነው። ትንሿ ባለ 2.5 ኢንች ግን ኃይሏን ከላፕቶፑ ስለምትወስድ ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር ትቆያለች።

ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። ላፕቶፑ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ሴቲንግ ካለው ክፈቱት። ከሥር ወይም ከኪቦርዱ በኩል ካበጠ ቶሎ አውጡት። አልጋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፤ አየር ይፈልጋል።

፲፩. ከቤት ውጭና ከሀገር ውጭ

"ዱባይ ያለችው እህቴ፣ ዋሽንግተን ያለው አጎቴ ማየት ይችላሉ ወይ ?" ይችላሉ።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ብዙ መመሪያ "ራውተራችሁ ላይ ፖርት ክፈቱ" ይላችኋል። አትክፈቱ። ያ ማለት የቤታችሁን በር ለዓለም ሁሉ መክፈት ነው። ደግሞም ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያካፍሉ ላይሠራም ይችላል።

የተሻለው መንገድ "ቴልስኬል" የሚባል አፕ ነው። ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። ላፕቶፑ ላይና ስልኩ ላይ ጭናችሁ በአንድ አካውንት ስትገቡ ሁለቱን በተመሰጠረ መንገድ ያገናኛቸዋል። ለላፕቶፑ በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጠዋል፤ በጄሊፊን አፕ ላይ ያንን አድራሻ እና 8096 ማስገባት ነው። ዘመድ ሲሆን አካውንታችሁን አትስጡት፤ ቴልስኬል ላፕቶፑን ብቻ ለሌላ ሰው ማጋራት ያስችላል።

ፍጥነቱን የሚወስነው ግን የእናንተ የአፕሎድ ፍጥነት ነው፣ የእነሱ ዳውንሎድ አይደለም። አፕሎዳችሁ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ከሆነ 5 ሜጋቢት የሚፈልግ ቪዲዮ ይቆራረጣል። ለውጭ ተመልካች ጥራቱን ዝቅ የሚያደርግ ሴቲንግ ጄሊፊን ላይ አለ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ዳታው ከእናንተ እንደሚቆጠር አትርሱ።

፲፪. አፕዴት ማድረግ ለምን ?

"ላስትፓስ" የሚባለው የፓስዎርድ ማስቀመጫ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ከባድ የመረጃ ስርቆት ደርሶበታል። ድርጅቱ በ2023 እንደገለጸው ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በአንድ ሠራተኛው የቤት ኮምፒውተር ላይ በነበረ የሚዲያ ሶፍትዌር በኩል ነው። ሶፍትዌሩ ፕሌክስ ነበር። ቀዳዳው ግን እ.ኤ.አ በ2020 ተደፍኗል፤ ሠራተኛው ነው አፕዴት ያላደረገው። የቤት ፊልም ማጫወቻ ትልቅ ድርጅት የሚያስዘርፍ በር ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ጄሊፊኑንም ዊንዶውሱንም አድሱ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፉ እ.ኤ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን መጫን ይቻላል። ጄሊፊን በሁለቱም ላይ ይሠራል።

፲፫. ሰርቨር ማለት ባክአፕ ማለት አይደለም

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙ። ሁሉም ነገር አንድ ዲስክ ላይ ከገባ፣ ዲስኩ በሞተ ቀን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ፊልም ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል። የአባት ድምፅ ግን የትም አይወርድም።

የሚመከረው መመሪያ 3-2-1 ይባላል ፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት አይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በእኛ ሁኔታ ሲተረጎም፦

• አንዱ ሰርቨሩ ላይ፤
• ሁለተኛው በሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ ኮፒ ተደርጎ ተነቅሎ የሚቀመጥ፤
• ሦስተኛው ከቤት ውጭ ፦ በፍላሽ እህታችሁ ቤት፣ ወይም ኦንላይን ማስቀመጫ ላይ።

ሁሉንም ፊልም እንዲህ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። የቤተሰቡን ፎልደር ብቻ። በአብዛኛው ከአንድ ፍላሽ አይበልጥም። "ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ" በሚባለው ነፃ ሶፍትዌርም የዲስኩን ጤንነት በየጥቂት ወሩ እዩ። "ኮሽን" ወይም "ባድ" ካለ ያኔውኑ ኮፒ አድርጉ፣ ነገ አትበሉ።

ባልደረባችን ቤት አሁን ላፕቶፑ ቲቪው ሥር ክዳኑ ተዘግቶ ተቀምጧል። እናቱ ሪሞቱን ለመዱት። ፊልም ብዙም አያዩም። ባለፈው በዓል ቡናው እየተፈላ ሠርጉን ከፈቱት፣ ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። አባትየው ሲጨርሱ እናትየው "አሜን" አሉ፤ ቤቱም ተከትሎ "አሜን" አለ።

አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ በዚህ ሳምንት አውጡት። ከሌላችሁ ደግሞ ቢያንስ ቁም ሳጥኑን ክፈቱና ዲቪዲዎቹን ፈልጉ። እሱ ሰርቨር እስኪገጠም አይጠብቅም።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት። የተቸገራችሁበት ደረጃ ካለ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ጻፉልን።